የበትሩ ኩላብ

በእኛ አገር እረኛ ያለ ሚስቱ ቃል አይሰብክም። እረኛ የምንለው በግ የሚጠብቀውን አይደለም፤ የጉባኤውን ነፍስ የሚጠብቀውን፣ እሑድ እሑድ ሰገነት ላይ ወጥቶ ወንጌል የሚያካፍለውን ነው። በግ ጠባቂው እንደ ልቡ ይወጣል ይገባል፤ ስለ እሱ ሚስቱን የሚጠይቃት የለም።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። እረኛው ሲሾም ከወይራ የተጠረበ በትር ይሰጠዋል። በትሩ ሳምንቱን ሙሉ የሚቀመጠው እቤቱ፣ በሚስቱ እጅ ነው። እሑድ ጠዋት ዝማሬው ሲያልቅ ሚስቲቱ በትሩን ይዛ ከሰገነቱ ግርጌ ትቆማለች፤ እሱ ካባውን ደርቦ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ይጠብቃታል። በትሩን ስታቀብለው ጉባኤው እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «በቤቴ እንዳገኘሁህ፣ በዚህም እንዲሁ ሁን» ትለዋለች። እሱ ይወጣል፤ እኛ እንቀመጣለን። አባቶቻችን ይህን ሲደነግጉ የሰጡት ምክንያት አጭር ነበር፤ እረኛን ያለ ካባው የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ እሱን እንጠይቅ ነው ያሉት። ሚስቱ የሞተችበት እረኛ ከአማቱ እጅ ይቀበላል። አማት ያቀበለችው ስብከት አጭር ይሆናል ይባላል።

ያን እሑድ እኔም ከግራ በኩል ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር። ዝማሬው አለቀ። የእረኛችን የናሁሠናይ ሚስት ወይዘሮ ታንጉት በትሩን ይዛ መጣች፤ ከሰገነቱ ግርጌ ቆማም ዘረጋችለት። ቃሉን ግን አልተናገረችም። ናሁሠናይ የበትሩን አንድ ጫፍ ይዞ ጠበቀ። እሷም ሌላውን ጫፍ ይዛ ጠበቀች። መዘምራኑ የረሳች መስሏቸው አዝማቹን ደገሙላት። ዝም። መዝሙሩን ከመጀመሪያው ጀምረው እስከ መጨረሻው ዘመሩት። አሁንም ዝም። ሌላ መዝሙር ጀመሩ። የሚያውቁት መዝሙር ሊያልቅባቸው ሲል የጸጥታ አባት አቶ ዳምጤ ተነሥተው፣ ወይዘሮ ታንጉት ጉሮሮዋን ስለታመመች በጸሎት እንድናስባት አሳስበው ወደየቤታችን አሰናበቱን።

የጸጥታ አባት በከተማችን ትልቅ ሹመት ነው። ሥራው በጉባኤው ውስጥ ምንም ነገር እንዳይሰማ ማድረግ ነው። አቶ ዳምጤ ሹመቱን ከአባታቸው የወረሱ ናቸው፤ በእሳቸው ዘመን አንድም ነገር ተሰምቶ አያውቅም። ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ግን መናገር አለብኝ። የታመመ ይጠይቃሉ፣ የሞተ ይቀብራሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። የሚፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ድምፅ ነው።

ከሰዓት በኋላ የታንጉት ደጅ በመድኃኒት ተጥለቀለቀ። ማር መጣ፤ ዝንጅብል መጣ፤ ዳማከሴ በእቅፍ መጣ። አንዷ ነጭ ሽንኩርት በቅቤ አፍልታ፣ ትኩሱን ካልጠጣሽ ብላ ቆመችባት። እንጥል የሚቆርጥ አዋቂ ሳይቀር ተጠርቶ፣ ቢላውን በጨርቅ ጠቅልሎ በር ላይ ተቀምጦ ዋለ። ታንጉት ሁሉንም አመስግና ሸኘች። መድኃኒት ያመጣው ሰው ሁሉ ጉሮሮዋ ደህና መሆኑን ያውቅ ነበር። የሚያውቀውን ከመናገር ግን ማር ይዞ መምጣት ቀለለው።

የሚያውቀውም ይህን ነበር። ናሁሠናይ ሲያጽናና ድንጋይ ያስለቅሳል የሚባልለት እረኛ ነው። ብርዛፍ የምትባል ወጣት ሴት ባሏን ወንዝ ወስዶባት ነበርና ሊያጽናናት ይሄድ ጀመር። ሐዘኗ ሲቀንስ ማጽናናቱ በዛ። ከተማው መጀመሪያ ላይ በትጋቱ ተደነቀ፤ እረኛችን ሐዘንተኛ አይረሳም ተባለ። ቆይቶ ግን በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ማለፍ ለመደ።

ታንጉት የሰማችው ከሐሜተኛ አፍ አይደለም። እሷ የሙሽራ ቀሚስ ትጠልፋለች፤ ከዚያ እሑድ በፊት አንድ ቀን መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ጥልፏን እየሠራች ሳለ ብርዛፍ ራሷ ገባች። አልተቀመጠችም። የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት፤ ይቅርታም አልጠየቀችም፣ ምክንያትም አላቀረበች። ወንድሟ ወዳለበት አገር እንደምትሄድ ተናግራ ወጣች፤ በማግሥቱም ሄደች። ኋላ ሴቶቹ ያቺ መበለት እረኛችንን አሳተችው ማለት ሲጀምሩ፣ ታንጉት ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ «እረኛው እሱ ነበር» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ በእሷ ፊት ይህን የሚያነሣ አልተገኘም።

ብርዛፍ በመጣችበት ዕለት ራት ላይ ባሏን ጠየቀችው። «ውሸት ነው በለኝና ልመንህ» አለችው። ናሁሠናይ እንጀራውን ቆርሶ ያዘ። አልጎረሰውም፤ መልሶም አላስቀመጠውም። በሺህ ሰው ፊት አንደበቱ የማይያዝ ሰው፣ በአንዲት ሴት ፊት ጉርሻ ይዞ ቀረ። እሷም መልሱን አገኘች።

የሽማግሌዎች ሸንጎ ቃሉ ሳይነገር በቀረበት በዚያው ሳምንት ተሰበሰበ። የሸንጎው ሐሳብ ሁሉ በእኛ ዘንድ በይፋ ስለሚነበብ የተባለውን ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ሽማግሌ ቃሉ ይጠር አለ፤ «በቤቴ እንዳገኘሁህ» የሚለው ወጥቶ «በዚህም እንዲሁ ሁን» የሚለው ብቻ ቢቀር ሚስቲቱ ምንም አልመሰከረችም ማለት ነው። እንዲሁ ሁን ሲባል እንዴት እንደሆነ ማን ያውቃል የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ሐሳቡ ወደቀ። ሌላው ቃሉን ጉባኤው በአንድ ድምፅ ይበለው አለ። ለመስማት ከመጡት አንዲት አሮጊት ከኋላ ሆነው፣ «እኔ እቤቴ አግኝቼው አላውቅም» ስላሉ ይህም ወደቀ። በመጨረሻ አንዱ ድንጋጌውን ደግሞ ቢያነበው፣ እረኛው በትሩን ይቀበል ይላል እንጂ በትሩ ከሰው እጅ ይምጣ ብሎ እንደማያስገድድ ተረዳ። ሸንጎው በደስታ ተበተነ።

በሚቀጥለው እሑድ ሰገነቱ ላይ ኩላብ ተሰክቶ አገኘን። ከጽድ የተጠረበ፣ ጫፉ ቀና ያለ፣ ደኅና ኩላብ ነው። በትሩ ተሰቅሎበታል። እረኛው ወጣ፣ በኩላቡ አጠገብ ቆመ፣ ሰበከ። ታንጉት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ሰማች። እውነት ለመናገር እንዲያ ያለ ስብከት ሰምተን አናውቅም። ስለ ታማኝነት ነበር። ሰው አለቀሰ፤ እኔም ዓይኔን ጠርጌአለሁ።

ኩላቡ ዝናው ወጣ። ከየከተማው እረኞች ለጉብኝት ይመጡ ጀመር። በእጃቸው እየዳሰሱ፣ ከፍታውን በስንዝር እየለኩ ያደንቁታል፤ በዚያው ወደ አናጢው ጎራ ይላሉ። አንዱ የሚስቴ ወገብ አሳዘነኝ አለ። ሌላው ዘመኑ ነው አለ። አናጢው ጣውላ መጋዝ ትቶ ኩላብ ብቻ ይጠርብ ጀመር፤ ተጨማሪ ሠራተኞችም ቀጠረ። ሸንጎዎቹ ያላሰቡት ነገር ታዲያ መጣ። የእረኛ ሚስቶች ገበያ ላይ ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቁት ሌላ ሆነ።

«የእናንተስ ገባ?»

«ኧረ እኛ ዘንድ ገና በእጅ ነው። ትናንት ግን አናጢው ቤት ሲገባ አይተውታል አሉኝ።»

«እንግዲያ መጠየቅ ነዋ፣ እህቴ።»

ከዚያ በፊት እረኛ ባሏን የምትጠረጥር ሴት ማስረጃ አልነበራትም። አሁን አናጢው ደጅ ላይ መቆም በቂ ሆነ። በታችኛው ከተማ ያሉ አንድ ሽማግሌ እረኛ ግን የሚስታቸው እግር እውነትም ስለደከመ፣ በቅን ልቦና ኩላብ አሠሩ። ሐሜቱ ሚስታቸው ጆሮ ደረሰ። እሑድ ዕለት አሮጊቷ በቃሬዛ ሆነው ገቡ፤ በትሩን አቀበሉ፤ ቃሉን አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩና ከራሳቸው ጨምረው፣ «ይህን ኩላብ አውርዱልኝ» አሉ። እስኪወርድም ከቃሬዛው ላይ ሆነው ጠበቁ።

ታንጉት በዚህ ሁሉ መካከል የምታደርገውን ታደርግ ነበር። ቀሚሷን ትጠልፋለች፣ ባሏን ታበላለች፣ በትሩ ከኩላቡ ወርዶ እቤት ስለማይገባ ቅዳሜ ቅዳሜ ጉባኤው ቤት ሄዳ ትወለውለዋለች። ሰው ግን አልተዋትም። አቶ ዳምጤ ራሳቸው ሁለት ሽማግሌ ይዘው መጡ። በክብር ተቀበለቻቸው። እሳቸውም እየተጠነቀቁ፣ ሰው ሁሉ እንደሚሳሳት፣ ይቅርታ ታላቅ ነገር እንደሆነ፣ ጉባኤው በእሷ ዝምታ ምክንያት ሊፈርስ እንደደረሰ አስረዷት። በመጨረሻም፣ «ልጄ፣ ሰው አይደለም ወይ?» አሏት።

«ሰው ነው፣ ጋሼ ዳምጤ። ሰው ከሆነ እንደ ሰው አግዳሚ ላይ ይቀመጥ።»

«እንግዲያ ይቅር አላልሽውም።»

«ብዬዋለሁ» አለች። ክሩን መርፌ ውስጥ እያስገባች ነበር። «የበደለኝ እኔን ነው፤ ይቅር የምለውም እኔ ነኝ። አልቅሼ፣ ተሳድቤ፣ ይቅር ብዬዋለሁ። ቃሉ ግን ለእሱ አይደለም፤ ለእናንተ ነው። በቤቴ እንዳገኘሁህ ስል እናንተን ነው የማሳምነው። የራሴን ይቅር ብል በሌላ ሰው ነፍስ ላይ እንዴት እዋሻለሁ?»

አቶ ዳምጤ ወደ መጡበት ጉዳይ ተመለሱ። ይዘውት የመጡት ቀጠሮ ነበር። የበትር በዓል ደርሷል። በየዓመቱ በዚያ ዕለት የእረኞች ሁሉ አለቃ የሆኑት ሊቀ እረኞቹ ከየጉባኤው እረኞች ጋር ወደ አንዱ ከተማ ይመጣሉ፤ ዘንድሮ ተራው የእኛ ነው። ሊቀ እረኞቹ ኩላብ የሚባል ነገር አያውቁም፤ እንዲያውቁም አይፈለግም። ስለዚህ ኩላቡ ይነቀላል፣ ታንጉት በትሩን ታቀብላለች፣ ቃሉንም ትናገራለች። ካልተናገረች ዝምተኛ ተብላ ትፈረጃለች። በሕጋችን ዝምተኛ የተባለች ሴት ከእረኛ ቤት ወጥታ ወደ አባቷ አገር ትመለሳለች፤ እረኛውም ነፃ ሰው ተብሎ ሌላ ሚስት ያገባል፣ ሌላዋም ታቀብለዋለች። ሕጉ እንዲህ ነው። አቶ ዳምጤ ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው ወለሉ ላይ ነበር አሉ።

ታንጉት የአባቷን አገር የተወችው በሙሽራ ቀሚስ ነው። አባቷ ሞተዋል፤ ቤቱም ፈርሷል። ሽማግሌዎቹ ከወጡ በኋላ ጥልፏን አስቀምጣ ብቻዋን ተቀመጠች። ቢከብደኝም ልሞክረው ብላ ቃሉን ለራሷ ተናገረችው። «በቤቴ እንዳገኘሁህ፣ በዚህም እንዲሁ ሁን።» አልከበዳትም። ምላሷ ላይ እንደ ማንኛውም ቃል ሆኖ ወጣ። ኋላ ስታወራኝ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ እንደዚያች ደቂቃ የፈራሁበት የለም ብላኛለች። እንደሚያባርሯት ፈርታ ነበር፤ ደክሟት ልትናገረው እንደምትችል ስታውቅ ግን የበለጠ ፈራች።

በበዓሉ ዋዜማ እንደ ልማዷ በትሩን ልትወለውል ሄደች። ኩላቡ ሊነቀል ስለሆነ በትሩን አውርዳ በደንብ አየችው። እሷ ሁልጊዜ የምትወለውለው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው። አሁንም ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በሳምንቱ ቀጭን አቧራ ተሸፍኖ አገኘችው። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ነበር፣ ከዚያ በፊትም። የሰው እጅ የሚይዝበት ቦታ ላይ እንኳ የጣት ምልክት የለም። ኩላቡ ከተሰካ ጀምሮ ናሁሠናይ በትሩን አንድ ጊዜ እንኳ አልነካውም። እኛ ስናለቅስ ባዶ እጁን ነበር የሚያነሣው፤ ማናችንም አላየንም።

እቤት ስትመለስ ካባው ወንበር ላይ ተጥሎ እሱ በሸሚዝ ተቀምጧል። ከስቷል። ምሳ ካስቀመጠችለት በኋላ፣ «አቧራውን አይቼዋለሁ» አለችው። እሱም ያን ቀን የቀረበለትን ሁሉ በላ።

በዓሉ ደረሰ። ጉባኤው ቤት ሰው አልበቃው ብሎ በመስኮት ሁሉ ቆሟል። የኩላቡ ቀዳዳ በሰም ተደፍኖ ጥላሸት ተቀብቷል። እረኞቹ ፊት ለፊት ተደርድረዋል፤ ብዙዎቹ ጫማቸውን ነበር የሚያዩት። ሊቀ እረኞቹ መስማት የጀመረ ሕፃን ይመስል አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ጆሮአቸው ደክሟልና ቃሉ ጮክ ተብሎ እንዲባል አስቀድመው አሳስበዋል።

ዝማሬው አለቀ። ታንጉት በትሩን ይዛ ወጣች። ናሁሠናይ ካባውን ደርቦ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆሟል። በትሩን ዘረጋችለት። እሱ እጁን አልዘረጋም። አቶ ዳምጤ ወደ መዘምራኑ ዞረው፣ እንዳትጀምሩ በሚል ዓይን አዩአቸው። ታንጉት አንድ ጊዜ ወደ በሩ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሊቀ እረኞቹ አየች። ፊቷ ላይ ያየሁት ድካም ነው። አፏን ከፈተች።

«በቤቴ...»

«አትበይው» አለ ናሁሠናይ።

የተናገረው ለእሷ ብቻ ነበር፤ ዝምታው ግን እንዲያ ስለነበር በመስኮት የቆመው ሁሉ ሰማ።

«አትበይው፣ ታንጉት። ውሸት ይሆንብሻል።» ከደረጃው ወረደ። ካባውን አውልቆ አጠፈውና ደረጃው ላይ አስቀመጠ። ከዚያም ወደ እኛ ዞረ። አንደበቱ የተመሰገነ ሰው ነውና ብዙ ይናገራል ብለን ጠብቀን ነበር። «እሷ ጉሮሮዋን አልታመመችም» አለ። «በሚስቴ ላይ ሄጃለሁ። ላጽናናት የተላክሁባትን ሴት በድያለሁ። እናንተን ስለ ታማኝነት ሰብኬአችኋለሁ። በትሩ የእኔ አይደለም።» ይህን ብሎ የት እንደሚሄድ ግራ ገባው። ለእረኛ አግዳሚ ላይ ቦታ ተይዞለት አያውቅም። ታንጉት በትሩን ሰገነቱ ላይ አስደግፋ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ጠጋ አለችና ከጎኗ ክፍት አደረገችለት።

ያኔ አንድ ድምፅ ተሰማ። ጩኸት አልነበረም፤ ለቅሶም አልነበረም። ጉባኤው ሁሉ አንድ ላይ ተንፍሶ ነው። ከዚያን ዕለት በፊት ትንፋሻችንን ይዘን እንደኖርን እኔ አላውቅም ነበር። በአቶ ዳምጤ የሹመት ዘመን የተሰማ የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው። እሳቸው ተነሡ፤ ጉባኤውን ለማሰናበት አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘግተውት ተቀመጡ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። በለሆሳስ «ተመስገን» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሊቀ እረኞቹ በደንብ ስላልሰሙ ጎረቤታቸውን ጠየቁ። ጎረቤታቸው ጆሮአቸው ላይ ጮኾ ሁሉንም ነገራቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያ ሥርዓቱ ይሠራል» አሉ። ከዚያም ከተደረደሩት እረኞች ማን ሊሰብክ እንደሚፈልግ ጠየቁ። ማንም አልተነሣም። አንዱ ቀስ ብሎ ወጣና ወደ ቤቱ ሄደ፤ ከሚስቱ ጋር የሚነጋገረው እንዳለው ተናግሯል። ሌላም ተከተለው። በዚያ በዓል ስብከት አልነበረም፤ ዘምረን፣ ጸልየን፣ በጊዜ ተበተንን።

ሸንጎው ከዚያ ወዲህ የወደቀ እረኛ ለስንት ጊዜ ወድቆ እንደሚቆይ ለመወሰን ተቀምጧል። አንድ ክረምት ይበቃዋል የሚሉ አሉ፤ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሚሉም አሉ። ጉዳዩ እስካሁን አልተቋጨም። ናሁሠናይን ራሱን ሲጠይቁት እንደማይቸኩል ነግሯቸዋል። እንደ ድሮው የሚያሳድደው ህልም እንደሌለ ለአናጢው አጫውቶታል። አናጢው ዘንድ ነው የሚሠራው። ከየከተማው የተመለሱት ኩላቦች ተከምረው ነበርና፣ እነሱን እየጠረበ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን የልብስ መስቀያ ያደርጋቸዋል። ዛሬ በከተማችን ልብሱን መሬት ላይ የሚጥል ሰው የለም። የመጀመሪያው ኩላብ ግን ጉባኤው ቤት መግቢያ ላይ ተሰክቷል፤ የአቶ ዳምጤ ጃንጥላ ይሰቀልበታል።

ባለፈው ሰሞን ያዘዝሁትን ወንበር ልጠይቅ አናጢው ዘንድ ስሄድ በእነ ናሁሠናይ ደጅ አለፍሁ። ጠዋት ነው። ናሁሠናይ ከቤት ወጥቶ ጥቂት ከሄደ በኋላ መጋዙን እንደረሳ ትዝ ብሎት ተመለሰ። ታንጉት መጋዙን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ጣቷ ላይ የጥልፍ ክር ተጠምጥሟል። አቀበለችው። ሊሄድ ሲል ግን መያዣውን አልለቀቀችም። እሱም ቆመ። አልፌ መሄድ ነበረብኝ፤ እግሬ ግን እንቢ አለኝ።

«በቤቴ እንዳገኘሁህ» አለችው፤ ጮክ አላለችም፣ የሚሰማ ጉባኤም አልነበረም። «በዚያም እንዲሁ ሁን።»

ከዚያ ለቀቀችው። እሱም መጋዙን በብብቱ ይዞ ወደ ሥራው ሄደ።